የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ለምን በዛበት? የጂኦኬሚስትሪ መግቢያ ለጂኦሎጂ ተማሪዎች

በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ዙሪያ ካደጉ ሰዎች መካከል ጥርሳቸው ቡናማ መልክ የያዘ ብዙዎች ናቸው። መንስኤው በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑን የአካባቢው ነዋሪም የጤና ባለሙያውም ያውቀዋል። የጂኦሎጂ ተማሪ ግን በዚህ መልስ ብቻ ሊረካ አይገባም። ከሸለቆው በስተምሥራቅ የአርሲ ደጋ፣ በስተምዕራብ የጉራጌ ደጋ አለ። የሁለቱም ምንጮች ፍሎራይዳቸው በአብዛኛው ጥቂት ነው። ደጋውንም ሸለቆውንም የገነባው እሳተ ገሞራ ነው፤ ውሃውም ከዝናብ የመጣ ነው። ታዲያ ደጋ ላይ ጤናማ የነበረው ውሃ ወደ ሸለቆው ወለል ወርዶ ከጉድጓድ ሲቀዳ ለምን ሌላ ሆነ?

ይህን የሚመልሰው ጂኦኬሚስትሪ (ዓለት፣ ውሃና አየር ከምን ከምን ንጥረ ነገሮች እንደተሠሩ፣ ንጥረ ነገሮቹም ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚጓዙ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ) ነው። የዘርፉን ዋና ዋና ሐሳቦች ለየብቻቸው ከመሸምደድ ይልቅ አንድን ንጥረ ነገር ከማግማ እስከ ጥርስ ድረስ ተከትለን እንማራቸው። የመረጥነው ፍሎሪንን ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

በመጀመሪያ ምድር በግምጃ ቤቷ ምን ያህል እንዳላት እንመልከት። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዋና ኬሚስት የነበረው ፍራንክ ክላርክ ከየቦታው የተሰበሰቡ የዓለት ትንተናዎችን አደራጅቶ እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ ትልቅ የመረጃ መጽሐፍ አሳተመ። እርሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች እንዳሳዩት የምድር ቅርፊት በክብደት ሲለካ 46 በመቶ ገደማው ኦክስጅን፣ 28 በመቶ ገደማው ሲሊከን ነው። አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲጨመሩ ስምንቱ ብቻ ከ98 በመቶ በላይ ይይዛሉ። የቀሩት ንጥረ ነገሮች ሁሉ የተረፈችውን ትንሽ ድርሻ ይካፈላሉ። ፍሎሪን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በአማካይ በአንድ ኪሎ ግራም የቅርፊት ዓለት ውስጥ ግማሽ ግራም ያህል ይገኛል።

አማካይ ቁጥር ግን ተማሪን ያታልላል። ንጥረ ነገሮች በምድር ውስጥ እኩል አልተሰራጩም፤ አንዱ እዚህ ሲከማች ሌላው እዚያ ይጎድላል። ለምን እንዲህ እንደሆነ በሥርዓት ያስረዳው ቪክቶር ጎልድሽሚት ነው (እ.ኤ.አ. 1888–1947)። ይህ በኖርዌይና በጀርመን ያስተማረ ሳይንቲስት የዘመናዊው ጂኦኬሚስትሪ አባት ይባላል። ንጥረ ነገሮችን በአራት ወገን ከፈላቸው፦ ከብረት ጋር መሆንን የሚመርጡ፣ ከድኝ ጋር የሚጣመሩ፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን ጋር በዓለት ውስጥ የሚኖሩ፣ በመጨረሻም ጋዝ ሆነው በአየር ውስጥ የሚሰፍሩ። ወርቅና ኒኬል ከመጀመሪያው፣ መዳብና ዚንክ ከሁለተኛው፣ ናይትሮጅን ከአራተኛው ወገን ናቸው። ካልሲየም፣ ሶዲየምና የእኛው ፍሎሪን የሦስተኛው፣ ማለትም የዓለት ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ ፍሎሪንን የምንፈልገው በዓለት ውስጥ ነው። በየትኛው ዓለት? በዓለቱስ ውስጥ በየትኛው ማዕድን?

እዚህ ላይ የጎልድሽሚት ሁለተኛ ትምህርት ይረዳናል። ማዕድን ማለት አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አቶሞች) በሥርዓት ተደርድረው የሠሩት ነገር ነው። በድርድሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ አዮን የተመጠነ ቦታ አለ። አንድ እንግዳ አዮን መጠኑና ሙሉ ከባለቦታው ጋር ከተቀራረበ ቦታውን ሊወስድ ይችላል፤ ካልተቀራረበ ግን አይገባም። የፍሎራይድ (የፍሎሪን አዮን) ሬዲየስ 1.3 አንግስትሮም ገደማ ነው (አንድ አንግስትሮም የሜትር አንድ አሥር ቢሊዮንኛ ነው)፤ ሙሉም አንድ ነጌቲቭ ነው። ሃይድሮክሳይድ የሚባለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር አዮን በመጠን ከእርሱ ጋር ይቀራረባል፤ ሙሉም ያው አንድ ነጌቲቭ ነው። ስለዚህ ሃይድሮክሳይድ ባለበት ማዕድን ሁሉ ፍሎራይድ ሊተካው ይችላል። ሚካ፣ አምፊቦልና አፓታይት ሃይድሮክሳይድ ያላቸው ማዕድናት ናቸው፤ በተራ ዓለት ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት የሚገኘውም በእነርሱ ውስጥ ነው። ይህችን የመተካት ሕግ ያዟት፤ ወደፊት ሁለት ጊዜ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ማግማ (ከምድር ውስጥ ያለ ቅልጥ ዓለት) እንሂድ። ማግማ ሲቀዘቅዝ በአንድ ጊዜ አይረጋም። በመጀመሪያ በከፍተኛ ሙቀት የሚረጉት ማዕድናት ክሪስታል ይሠራሉ፤ የቀረው ፈሳሽ ደግሞ ጠባዩ እየተለወጠ ይሄዳል። ከባሳልት ማግማ ቀድመው የሚወጡት ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲንና በካልሲየም የበለጸገው ፕላጂዮክሌዝ ናቸው። ማግኒዚየም፣ ብረትና ካልሲየም በእነዚህ ማዕድናት ውስጥ ቦታ ስላላቸው ከፈሳሹ ይወጣሉ። ፍሎሪን ግን በሦስቱም ውስጥ የሚገባው ቦታ የለውም። ሃይድሮክሳይድ የሌለበት ማዕድን ለፍሎራይድ የተዘጋ በር ነው። በዚህ ምክንያት ክሪስታሎቹ በጨመሩ ቁጥር ፍሎሪን በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል። እንዲህ ዓይነት ንጥረ ነገሮችን ጂኦኬሚስቶች የማይስማሙ ይሏቸዋል፤ የማይስማሙት ከክሪስታሉ ጋር ነው።

ይህ ሂደት ረጅም መንገድ ሲሄድ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቂት ፈሳሽ ራዮላይት ይሆናል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ያሉት ራዮላይቶች ደግሞ ከተራው ራዮላይት የተለዩ ናቸው፤ ሶዲየማቸውና ፖታሲየማቸው ተደምሮ ከአሉሚኒየማቸው ይበልጣል። በሲሊካ፣ በሶዲየምና በፍሎሪን የበለጸጉ፣ በካልሲየም ግን እጅግ የደኸዩ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። ፍሎሪንን ያከማቸው ሂደት ካልሲየምን ያስወጣው ሂደት ራሱ ነው። ፍሎሪን የሚሰጠን ዓለት ካልሲየም የማይሰጠን ዓለት ነው። የስምጥ ሸለቆው ችግር ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።

ወደ ሜዳው እንውጣ። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የአሉቶ እሳተ ገሞራ አለ። ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሻላ ሐይቅ የተኛበት ትልቅ ካልዴራ (ከፍንዳታ በኋላ የተደረመሰ የእሳተ ገሞራ ገበታ) አለ። ከእርሱ በታች በሐዋሳ አቅራቢያ ኮርቤቲ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ በወንጂ አቅራቢያ ገደምሳ ይገኛሉ። እነዚህ ተራሮች የተፉት ኦብሲዲያን (ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት)፣ ፑሚስ (በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ) እና አመድ የሸለቆውን ወለል ሸፍኖታል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከዛሬ ከ9 እስከ 10 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን አንድ ሰፊ ሐይቅ ስለነበሩ አመዱ በሐይቅ ደለል ውስጥም በብዛት ተደባልቋል። ጉድጓድ ቆፋሪ በዚህ ወለል ሲወርድ በአብዛኛው የሚያገኘው ይህንኑ አመድ፣ ፑሚስና ደለል ነው።

የዚህ ሁሉ ልዩ ጠባይ መስታወት መሆኑ ነው። ማግማው ፈንድቶ ወጥቶ በድንገት ስለቀዘቀዘ አዮኖቹ ለመደርደር ጊዜ አላገኙም። በክሪስታል ውስጥ አዮኑ በሁሉም አቅጣጫ በጥብቅ ታስሯል፤ በመስታወት ውስጥ ግን እስሩ የላላና የተዘበራረቀ ነው። ስለዚህ የእሳተ ገሞራ መስታወት ተመሳሳይ ቅንብር ካለው ክሪስታል ይልቅ በውሃ ቶሎ ይሟሟል። በፑሚስና በአመድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ቀዳዳቸው ብዙ፣ ቅንጣታቸውም ደቃቅ በመሆኑ ውሃ የሚነካው ገጽታቸው እጅግ ሰፊ ነው። ማዕድኑ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ገጽታው ለውሃ እንደተጋለጠ መጠየቅ የጂኦኬሚስት ልማድ ሊሆን ይገባል።

አሁን ውሃውን እናስገባ። የዝናብ ውሃ ሲወርድ ከአየር፣ ይልቁንም በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ከሥሮችና ከጥቃቅን ሕዋሳት እስትንፋስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። በስምጥ ሸለቆው ደግሞ ይኸው ጋዝ በስንጥቆች በኩል ከጥልቅም ይወጣል። ጋዙ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ደካማ አሲድ ይሆናል። ከአሲዱ የሚለቀቀው የሃይድሮጅን አዮን ወደ መስታወቱ ገብቶ የሶዲየምን ቦታ ይወስዳል፤ ሶዲየሙ ወደ ውሃው ይወጣል። በውሃው ውስጥ የቀረው የአሲዱ ሌላ ክፍል ባይካርቦኔት ነው። እንግዲህ ሂሳቡን እንመልከት፦ ሃይድሮጅን ወጪ ሆነ፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ገቢ ሆኑ። ሃይድሮጅን ሲቀንስ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲጨምር አሲድነት ይቀንሳል) ይጨምራል። መስታወቱ ሲፈርስ በውስጡ የተያዘው ፍሎራይድም አብሮ ይለቀቃል።

በደጋው ላይም የሚደረገው ምላሽ ይኸው ነው፤ ዓለቱ ግን በአብዛኛው ባሳልት ነው። ባሳልት ሲፈርስ ካልሲየምና ማግኒዚየም በብዛት ይሰጣል፤ ፍሎራይዱ ጥቂት ነው። ስለዚህ የደጋው ውሃ የካልሲየምና የማግኒዚየም ባይካርቦኔት ውሃ፣ የሸለቆው ወለል ውሃ የሶዲየም ባይካርቦኔት ውሃ ይሆናል። የውሃን ትንተና ብቻ አይቶ ውሃው በየትኛው ዓለት እንዳለፈ መገመት የሚቻለው ለዚህ ነው።

እስካሁን ፍሎራይድ ከየት እንደመጣ አይተናል። ግን አንድ ንጥረ ነገር በውሃ ውስጥ እስከ ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው ምንጩ ብቻ አይደለም፤ የሚያቆመውም አለ። ፍሎራይድን የሚያቆመው ዋናው ነገር ካልሲየም ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ፍሎራይት (የካልሲየምና የፍሎራይድ ማዕድን) ይሠራሉ፤ ፍሎራይት ደግሞ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም። ውሃው ከሙሌት ሲያልፍ ማዕድኑ ይዘቅጣል፣ ፍሎራይዱም ከውሃው ይወጣል።

ሕጉን በቁጥር እንየው፤ ተማሪዎች እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በፍሎራይት ውስጥ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ፍሎራይድ አለ። ስለዚህ ሙሌት ላይ የደረሰ ውሃ ውስጥ የካልሲየሙ መጠን በፍሎራይዱ መጠን፣ ውጤቱም አንድ ጊዜ ደግሞ በፍሎራይዱ መጠን ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር በአንድ ሙቀት ላይ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጠኖቹ የሚለኩት በሞል (የአቶሞችን ብዛት በሚያመለክት መለኪያ) መሆኑን አትርሱ፤ አንድ ሞል ካልሲየም 40 ግራም፣ አንድ ሞል ፍሎራይድ 19 ግራም ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል፤ የሌሎቹን ጨዎች ተጽዕኖ ለጊዜው እንተወው። በአንድ ሊትር ውስጥ 40 ሚሊግራም ካልሲየም ካለ ፍሎራይዱ ሊደርስ የሚችለው እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ ነው። ካልሲየሙ ወደ 4 ሚሊግራም ሲወርድ ፍሎራይዱ እስከ 9.5 ሚሊግራም ይፈቀድለታል። ካልሲየሙ ወደ 0.4 ሲወርድ ፍሎራይዱ እስከ 30 ሚሊግራም ሊወጣ ይችላል። ካልሲየሙ በ10 እጥፍ በቀነሰ ቁጥር የፍሎራይዱ ጣሪያ በ3.2 እጥፍ ገደማ ከፍ ይላል፤ 3.2 የ10 ስኩዌር ሩት ግምት ነው፤ ይህም ፍሎራይድ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ የመጣ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ተለወጠ። የሸለቆው ውሃ ፍሎራይድ ለምን በዛበት ከማለት ይልቅ ካልሲየሙ የት ሄደ ማለት አለብን። አንደኛው መልስ በእጃችን ነው፦ ዓለቱ ሲጀመር ካልሲየም አልነበረውም። ግን ከደጋ የሚወርደው ውሃ ካልሲየም ይዞ ነበር። እርሱስ የት ገባ?

ብዙው ካልሳይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) ሆኖ ዘቅጧል። ፒኤች ሲጨምር የባይካርቦኔቱ ከፊል ወደ ካርቦኔት ይለወጣል፤ ካርቦኔት ደግሞ ካልሲየምን ፈጥኖ ይይዛል። በስምጥ ሸለቆ ደለል ውስጥ ነጭ የካልሳይት ንብርብርና እንክብል የምታዩት ለዚህ ነው። ሌላው መንገድ ሸክላ አፈር ነው። የሸክላ ቅንጣቶች ገጽታ ነጌቲቭ ሙል ስላለው ፖዘቲቭ አዮኖችን ይይዛል፤ ሁለት ሙል ያለውን አንድ ካልሲየም ሲቀበል አንድ አንድ ሙል ያላቸውን ሁለት ሶዲየሞች ይለቃል። ውሃው በሸክላው ውስጥ በቆየ ቁጥር ካልሲየሙ ይቀንሳል፣ ሶዲየሙ ይጨምራል። በሙቅ ምንጮች አካባቢ ደግሞ ሙቀት ሁለት ሥራ ይሠራል። መስታወቱ እንዲሟሟ ያፋጥናል፤ በሌላ በኩል ካልሳይት ከብዙዎቹ ጨዎች በተለየ በሙቅ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ያነሰ ስለሆነ ካልሲየሙ እንዲዘቅጥ ያደርጋል። የሙቅ ምንጭ ውሃ ፍሎራይድ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ መገኘቱ ከዚህ ይመነጫል።

ፒኤች ራሱ ሌላም ነገር ያደርጋል። በሸክላና በብረት ኦክሳይድ ገጽታ ላይ የተለጠፈ ፍሎራይድ አለ። ፒኤች ሲጨምር በውሃው ውስጥ ሃይድሮክሳይድ ይበዛል። ሃይድሮክሳይድና ፍሎራይድ በመጠንም በሙልም እንደሚቀራረቡ ቀደም ብለን አይተናል። ስለዚህ ሃይድሮክሳይዱ ቦታውን ይወስድና ፍሎራይዱን ወደ ውሃው ይገፋዋል። የመተካት ሕግ በማዕድን ውስጥ ብቻ ሳይሆን በማዕድን ገጽታም ላይ ይሠራል ማለት ነው።

ከከርሰ ምድር ወደ ሐይቆቹ እንሻገር፤ የዚህ ታሪክ ጉልህ ማስረጃ ያለው እዚያ ነው። ከአርሲ የሚወርደው ቀታር እና ከጉራጌ የሚወርደው መቂ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አብያታ ይሄዳል። ከላንጋኖም ሖራ ቀሎ ወደዚያው ይወርዳል። ከአብያታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውሃው የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። ሻላም ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ይኑረው እንጂ እንዲሁ መውጫ የለውም። መፍሰሻ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ፍሎራይድ በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን በአብያታና በሻላ ግን ከ100 ሚሊግራም በላይ ይለካል።

ትነት ውሃን ወስዶ ጨውን ይተዋል፤ ምድጃ ላይ የቆየ ወጥ ውሃው በመጠጠ ቁጥር ጨዉ እንደሚበረታ ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉም አዮን በእኩል አይበረታም፣ እዚህም ላይ አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሎረንስ ሃርዲና ሃንስ ዩግስተር የተባሉ ጂኦኬሚስቶች መፍሰሻ የሌላቸው ሐይቆች በትነት ወዴት እንደሚያመሩ አሳዩ። ውሃው ሲተን መጀመሪያ ከሚዘቅጡት አንዱ ካልሳይት ነው። ካልሳይት ሲዘቅጥ አንድ ካልሲየም ሁለት ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። በመነሻው ውሃ ውስጥ ከዚህ ስሌት በላይ ካልሲየም ካለ ባይካርቦኔቱ ያልቃል፣ ካልሲየሙ ይተርፋል። ባይካርቦኔቱ ከበለጠ ግን ካልሲየሙ ያልቃል፣ ባይካርቦኔቱ ይተርፋል። በመነሻው ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ በመጨረሻው ግን ሁለቱ ውሃዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሙት ባሕር በመጀመሪያው መንገድ ከሄዱት ወገን ነው፤ ካልሲየሙ ብዙ፣ ሶዳ የሌለው። አብያታና ሻላ በሁለተኛው መንገድ ሄዱ። ፒኤቻቸው 10 አካባቢ የሚደርስ የሶዳ ሐይቆች ሆኑ፤ ከአብያታ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ሲመረት የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ካልሲየም ባለቀበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድን የሚያቆመው የለም፤ ከትነቱ ጋር አብሮ ይጨምራል።

አሁን ወደ ሰው አካል እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ መመሪያ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በጥቂቱ ሲገኝ ፍሎራይድ ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል። ከመጠን ሲያልፍ በሕፃንነት በሚሠራው ጥርስ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትንና መገጣጠሚያን ያደድራል፣ ሰውን እስከማጉበጥ ይደርሳል። በሽታው ፍሎሮሲስ ይባላል። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ያለውን ፍሎሮሲስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መርምረው በሕክምና መጽሔት አሳትመዋል፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ላይ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች የአጥንት ጉዳት በሳይንስ ጽሑፎች በደንብ ከተመዘገቡት አንዱ ነው።

ፍሎራይድ ለምን ጥርስና አጥንትን መረጠ? የሁለቱም ማዕድን አፓታይት ነው፤ ያው በዓለት ውስጥ ያገኘነው፣ ሃይድሮክሳይድ ያለበት ማዕድን። ፍሎራይድ በዓለት ማዕድን ውስጥ እንዳደረገው በሰውነት ውስጥም ሃይድሮክሳይዱን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። የዓለት ማዕድንን ሥርዓት የሚያውቅ ተማሪ የሐኪሙንም ሥራ ግማሽ መንገድ ይረዳዋል።

ይህ እውቀት መፍትሔንም ለመመዘን ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ካልሲየም ፍሎራይድን የሚያቆም ከሆነ ኖራ ብንጨምርበት አይበቃም ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እናስላው። በላይ ባየነው ሕግ ፍሎራይዱን ወደ 1.5 ሚሊግራም ለማውረድ በውሃው ውስጥ 160 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ሟሙቶ መኖር አለበት። በሶዲየም ባይካርቦኔት ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ካልሲየም አይቆይም፤ ፍሎራይቱን ከመሥራቱ በፊት ካልሳይት ሆኖ ይዘቅጣል። ስለዚህ ካልሲየም ብቻውን ችግሩን ይቀንሰዋል እንጂ እስከሚፈለገው ድረስ አያደርስም። በህንድ አገር በናልጎንዳ ስም የሚጠራው ዘዴ ከኖራ ጋር አሉሚኒየም ሰልፌት የሚጨምረው ለዚህ ነው፤ የሚፈጠረው የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጭቃ ፍሎራይዱን በገጽታው ላይ ይዞ ይወርዳል። ሌላው ዘዴ የከብት አጥንትን አየር በሌለበት አክስሎ ውሃውን በእርሱ ማጣራት ነው። አጥንት አፓታይት ስለሆነ በሰው አጥንት ላይ ሊደርስ የነበረው መተካት በማጣሪያው ላይ ይደርሳል። በእኔ እምነት ግን ለአንድ መንደር ከሁሉ የሚሻለው፣ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ፣ ከደጋው ግርጌ ካለ ንጹሕ ምንጭ ውሃ መሳብ ነው፤ ማጣሪያ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ ያገለገለውም ዝቃጭ የሚወገድበት ቦታ ይፈልጋል።

ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ፒኤች የሚለካው በጉድጓዱ አፍ ላይ ወዲያው ነው፤ ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እያመለጠ ፒኤቹ ይጨምራል፣ ካልሲየሙም በጠርሙሱ ውስጥ ሊዘቅጥ ይችላል። ለፍሎራይድ የሚወሰደው ናሙና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ። በቤተ ሙከራ ደግሞ የፖዘቲቭና የነጌቲቭ አዮኖች ሙል ድምር እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ አንድ ነገር ተሳስቷል ወይም ሳይለካ ቀርቷልና ትንተናውን ድገሙት።

በመጨረሻ ይህን ልምምድ ሥሩ። ሁለት ጉድጓዶች አሉ እንበል። የመጀመሪያው በሊትር 60 ሚሊግራም ካልሲየምና 1 ሚሊግራም ፍሎራይድ፣ ሁለተኛው 3 ሚሊግራም ካልሲየምና 9 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው። ሁለቱም 25 ዲግሪ ላይ ናቸው። ሕጉን ብትጠቀሙ የመጀመሪያው ጣሪያ 2.5 ሚሊግራም ገደማ፣ የሁለተኛው ጣሪያ 11 ሚሊግራም ገደማ መሆኑን ታገኛላችሁ። ሁለቱም ጣሪያቸው ላይ አልደረሱም፤ ስለዚህ የፍሎራይድ ምንጭ ካገኙ ሁለቱም ገና ይጨምራሉ። የመጀመሪያው ግን ካልሲየሙ እስካልቀነሰ ድረስ ከ2.5 አያልፍም። ዛሬ 1 ሚሊግራም ስለተለካበት ብቻ ግን ለዘለቄታው ደኅና ነው አትበሉ፤ 2.5 ራሱ ከመመሪያው ጣሪያ በላይ ነው። የስምጥ ሸለቆን ጉድጓድ ስትመረምሩ ካልሲየምና ፒኤች ያልተለካበትን የፍሎራይድ ቁጥር አትቀበሉ።